አፍንጫዋ የሚታጠፍ መኪና

ሰኞ፣ ግንቦት 7 ቀን 2009

ትርሲት ከወንድሜ ብየዳ ቤት ስትመለስ ቀጥ ብላ ጓዳ ገባች። ምሳ አልፈለገችም። "እማ፣ ትንሽ ተይኝ" አለችኝ። ተውኳት። ልጄ ስታለቅስ ድምፅ የላትም። ይሄ ከኔ የወረሰችው ነው፤ አባቷ ካለቀሰ ጎረቤት ይሰማ ነበር።

ነገሩን የነገረችኝ ከሰዓት በኋላ ነው። እንዳይጠፋብኝ ልጻፈው።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገብታ የመጨረሻ ዓመቷ ነው። እሷና ጓደኞቿ ለመመረቂያ የሚሠሩት በኤሌክትሪክ የምትሄድ ትንሽ መኪና ነው። ናፍጣ የላት፣ ቤንዚን የላት። የትርሲት ድርሻ መኪናዋ ስትጋጭ ሰው እንዳይጎዳ ማድረግ ነው። እዚያ ያለው የብየዳ ማሽን ተበላሽቶ ወረፋው አላልቅ ቢላት፣ የመኪናዋን የፊት አጽም ከነመቀመጫው አውቶቡስ ላይ አስጭና ቅዳሜ እዚህ ዘመሮ ይዛው መጣች። ወንድሜ ጌታነህ የባትሪውን ሳጥን እንዲበይድላት ነው። ታላቄ ነው፣ በያጅ ነው። በዚህ ከተማ የሱ እጅ ያልነካው የብረት በር ያለ አይመስለኝም።

ሳጥኑን በየደላት። አሳምሮ። ግን እዚያ ላይ አላቆመም። ከፊት በሚወጡት ሁለት ውስጠ ባዶ የቱቦላሬ ክንዶች ላይ ትርሲት ያስቆረጠቻቸው፣ ጥርስ ጥርስ የሚመስሉ ቁርጦች ነበሩ። እሱ የሰው ስንፍና መሰለው። አንድ በአንድ በብየዳ ሞላቸው። አልበቃ ብሎት በላያቸው ወፍራም ላሜራ ለጠፈባቸው።

"አዲስ አበባ ያሉት አታለውሻል" ብሏታል። "የተቆራረጠ ብረት ነው የሸጡልሽ። አይዞሽ፣ አሁን ገደል ብትገቢባትም ንቅንቅ አትል።"

"እና ምን አልሽው?"

"እግዜር ይስጥልኝ አልኳቸው። ፊታቸውን ብታዪው እኮ እማ! ምን ልበላቸው?"

ቁርጦቹ መኪናዋ ስትጋጭ እዚያ ላይ እንድትታጠፍ ተብለው የተሠሩ ናቸው። በሚመጣው ሳምንት ማክሰኞ መምህራኑ ባሉበት ከባድ ጋሪ ይለቀቅባታል። ካልታጠፈች ልጄ ወደቀች ማለት ነው። እሑድ መሄድ አለባት።


ማክሰኞ፣ ግንቦት 8

የበግ ጠጉር እየፈተልኩ ጠየቅኋት። ብረት ጠንካራ ሲሆን አይሻልም ወይ? መኪና ስለምን ይታጠፋል?

"እማ፣ ከካብ ላይ ስትዘዪ ምን ታደርጊያለሽ?"

"እኔ? በዚህ ዕድሜዬ ከካብ ላይ?"

"ልጅ ሆነሽስ!"

"ጉልበቴን አጠፍ አደርጋለሁ።"

"ባታጥፊውስ?"

"ወገቤን ነዋ የሚለኝ። ጥርሴም ይጋጫል።"

"በቃ። የመኪና አፍንጫ ጉልበቷ ነው።"

የገባኝን ያህል እንዲህ ነው። የማይታጠፍ ብረት ምቱን አያስቀረውም፤ ተቀብሎ ኋላ ለተቀመጠው ሰው ያሳልፈዋል። የሚታጠፈው ግን እየታጠፈ ያዘገየዋል። ምቱ ሰው ጋ ሲደርስ ደክሞ ይደርሳል። የናፍጣ መኪና ፊቷ ላይ ሞተር አለ፤ እንደ ድንጋይ ነው፣ እሺ ብሎ አይታጠፍም። የኤሌክትሪኳ ኮፈን ሥር ግን ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ያን ባዶ ቦታ ሁሉ ለመታጠፍ ይሰጡታል። ይሄ ጥሩ ጎኗ ነው። መጥፎ ጎኗ ባትሪዋ ነው። ከወለሉ ሥር ተነጥፎ ይተኛል። ብረት ከወጋው ወይ ከተጨፈለቀ ይቃጠላል፣ ውኃም ቶሎ አያጠፋውም። ስለዚህ የሱ ሳጥንና ሰው የሚቀመጥበት ፈጽሞ መታጠፍ የለባቸውም። ደግሞ ስትጋጭ ኤሌክትሪኩ በራሱ ጊዜ ይቋረጣል፤ ሊያወጣ የመጣውን ሰው እንዳይይዘው።

አፍንጫዋ ልል፣ ሆዷ ጽኑ።

ትርሲት ጽሕፈቴን አየችና "እማ፣ አንቺ ብትማሪ ኖሮ!" አለችኝ።

ተምሬአለሁ እኮ። አስተማሪዬ አባቷ ነበር። ደምሴ በፒካፑ ከዘመሮ ደብረ ብርሃን ሲመላለስ መንገደኛ የጣለውን ጋዜጣ፣ ስኳር የተጠቀለለበትን፣ ዘይት የነካውን ሁሉ መቀመጫው ሥር ሰብስቦ ያመጣልኝ ነበር። በመዳፉ እየዳመጠ ያቃናዋል። ካነበብነው በኋላ ግድግዳው ላይ እንለጥፈዋለን፤ ወጥ እያማሰልኩ እደግመዋለሁ። ብዙው ጫፉ የተቀደደ ነበር። ታሪኩ መሐል ላይ ሲቆም ደምሴ ከራሱ ይጨርስልኛል። አንዴ ሙሉ ገጽ አገኘሁና አነበብኩት። መጨረሻው እሱ ከነገረኝ ሌላ ነበር። የሱ ይሻል ነበር።


ረቡዕ፣ ግንቦት 9

"አንቺ ንገሪያቸው" አለችኝ። "ካንቺ ሲሰሙት ይሻላል።" እሺ ብዬ ወጣሁ።

የደምሴ ነገር መንገድ ላይ ነው የመጣብኝ። ቆምኩ። ሰው ሰላም ሲለኝ መልስ መስጠቴን እንጃ።

ትርሲት ገና ጡት የተወች ሰሞን ደምሴ መንገድ ላይ በሬ ገጨ። ኮፈኑ ተጨራመተ። ተናዶ መጣና ወንድሜን "በሬ ቀርቶ ዝሆን የማይደፍራት አድርግልኝ" አለው። ወንድሜ ወደደ። ሁለት ወፍራም ብረት ከመኪናዋ አጽም፣ ከሻንሲው ጋር አያይዞ፣ በፊት በኩል አግድሞሽ ጨምሮ፣ ቀይ ቀለም ቀባለት። ጠላ ጠጣን። ደምሴ ከተማውን በጡሩምባ ሲያደነቁር ዋለ። ልጅ ይመስል ነበር።

ከዚያ የጉሙ ቀን መጣ። ቁልቁለቱ ላይ ከቋጥኝ ጋር ተጋጨ። ፒካፗ በራሷ ሞተር ነው ወደ ቤት የመጣችው። ሌላ ሰው እየነዳት። ደምሴ ከኋላ በጋቢው ተሸፍኖ።

ለቀስተኛው መኪናዋን እየዞረ ያያት ነበር። "የጌታነህ እጅ! ቀለሟ እንኳ አልተላጠም!" ወንድሜ እያለቀሰ ራሱን ይነቀንቃል። ካንጀቱ ነበር የሚወደው። ከዚያ ወዲህ ስንት ዓመት፣ መጽናኛው አንድ ነው። "እኔ የምችለውን አድርጌ ነበር። ብረቷ አልከዳችውም። ቀኑ ነው።" እኔም ቀኑ ነው ስል ኖርኩ።

አሁን ቁርጦቹ ለምን እንደተቆረጡ ብነግረው፣ የቀረውን፣ የደምሴን ነገር፣ ራሱ ይደርስበታል። ሞኝ አይደለም ወንድሜ።

ብየዳ ቤቱ ስደርስ ካሣ፣ የሚኒባሱ ሹፌር፣ በር ላይ ቆሞ ይለፈልፋል።

"ጋሽ ጌታነህ፣ የኔዋንም እንደዚያች እንደ ደምሴ ፒካፕ ያርጉልኝ። አህያውም ከብቱም አይቶ ይሽሽ!" ዞር ሲል አየኝ። "ውይ! ይቅርታ እትዬ አስካለ፣ ክፉ ለማንሳት ብዬ አይደለም።"

"ምን ክፉ አለው?" አለ ወንድሜ። "ብረቷ እስከ ዛሬ ትነገራለች። እቴ፣ ምን እግር ጣለሽ?"

"እንዲሁ ነው።"

"እንዲሁማ አትመጪም አንቺ።"

"ለትርሲት ስለደከምክላት አመሰግናለሁ ልልህ ነው።"

ደስ አለው። ተመለስኩ። ፈሪ ነኝ።


ሐሙስ፣ ግንቦት 10

መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም። ብርድ ነው።

"ነገርሻቸው?"

"አልነገርኩትም።"

ለምን አለችኝ። ነገርኳት። ስለ ቀዩ ብረት፣ ስለ ጉሙ፣ ሰው መኪናዋን እየዞረ ስለማየቱ። እንዝርቴን ይዤ ቀረሁ፤ ፈትሉ ተበጠሰ። ትርሲት አባቷ ሲሞት ፊደል እንኳ አልጀመረችም።

"እማ" አለችኝ። "ብረቱ ብቻ አይደለም። ቀበቶ አላሰረም። ጉም ነበር። ቁልቁለት ነበር። በስንት እየነዳ እንደነበር የሚያውቅ የለም።"

"አዎ።"

"ግን ብረቱ ምንም የለበትም ብዬ አልዋሽሽም።"

ጥሩ አደረገች። ብትዋሸኝ አውቅባት ነበር።

ከዚያ ተነሳችና ልብሷን ማጣጠፍ ጀመረች። "እንዳለ እወስደዋለሁ። ጋሼን ምንም እንዳትያቸው።"

"አይታጠፍማ!"

"አይታጠፍ። እወድቃለሁ፣ በሚመጣው ዓመት እደግመዋለሁ።"

"ትርሲት!"

"ሽማግሌ ሰው ናቸው እማ። በዚህ ዕድሜያቸው ይሄን ይሸከሙት?" አለችና፣ ጀርባዋን እንዳዞረች ጨመረችበት። "ስለ አባዬ የማውቀው ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? መኪናው እንዳልተጫረ። ሌላ ማንም የነገረኝ የለም።"

ይሄ ወጋኝ። እውነቷን ነው። ስሙ በተነሳ ቁጥር የምንናገረው ስለ ብረቱ ነው። እኔም ብሆን።


ዓርብ፣ ግንቦት 11

እናታችን ስትሞት ያሳደገኝ ወንድሜ ነው። የመጀመሪያ ጫማዬን የገዛልኝ እሱ ነው። እንዲበረክትልኝ ብሎ ከእግሬ በጣም የሚበልጥ ገዛ፤ ጫፉን በበግ ጠጉር ሞልቼ አደረግሁት። የሚሰጠው ነገር ሁሉ እንዲህ ነው። የማይሰበር፣ የማያልቅ። ጠዋት ስሄድ ያን ጫማ ነበር የማስበው።

ልጄን ማስወደቅ አልቻልኩም። ሄድኩ።

ብቻውን ነበር። መብራት ስለሌለ ማሽኑን ይወለውላል።

"ወንድምዓለም፣ ቁርጦቹን ትርሲት ሆን ብላ ነው ያስቆረጠቻቸው።"

"ሆን ብላ? ምን ሊሆናት?"

"እንዲታጠፍ።"

ሳቀ። "እንዲታጠፍ! ኧረ ይቺ ልጅ! የሚታጠፍ መኪና ማን ይገዛታል?"

የካቡን ነገርኩት። ጉልበቱን። የባትሪውን ሳጥን። ድንጋዩን ሞተርና ባዶውን ኮፈን። ሳቁ ቀስ እያለ ቀረ። ወደ ትርሲት ብረት ሄዶ የሞላውን ብየዳ በአውራ ጣቱ ዳበሰው።

"ካልታጠፈ ምቱ የት ይሄዳል?"

"ወደ ሰውዬው።"

"ወደ ሰውዬው" አለ። አሁንም ይዳብሰዋል። ቀና ሳይል "የደምሴስ?" አለኝ።

ሌሊቱን መልስ ሳዘጋጅ ነበር ያደርኩት።

"እኔ እንጃ። ጉም ነበር። ቀበቶም አላሰረም።"

"የደምሴስ ነው ያልኩሽ፣ አስካለ።"

በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም፤ እቴ ነው የሚለኝ። ዝም አልኩ። ዝም ማለቴ መልስ ሆነው።

"በይ ቤትሽ ግቢ።"

ከኋላዬ የብየዳ ቤቱን በር ሲዘጋ ሰማሁ። ገና ረፋድ ነው። ምን አደረግሁ?


ቅዳሜ፣ ግንቦት 12

ሚካኤል ሄድኩ። ወንድሜ የለም። ከሚካኤል ቀርቶ አያውቅም። ሚስቱ ወይዘሮ ዘነበች በሴቶች በኩል አገኘችኝ። "ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሰም። ምን ብለሽው ነው?" የሥራ ነገር ነው አልኳት። ቆሜ ምን ብዬ እንደምለምን ጠፋኝ። ልጄን ላስቀድም ወንድሜን?

ቤት ስመለስ ትርሲት የለችም። ወደ ብየዳ ቤቱ ሮጥኩ ማለት ይቻላል። ከሩቅ የብረት መጋዝ፣ የሴጌቶ ድምፅ ይሰማል። ወንድሜ በእጁ እየገዘገዘ ነው፤ ትርሲት ብረቱን ይዛለታለች። በሚካኤል ቀን!

"ይቅር ይለኛል" አለ እኔን ሳያይ። "ልጅቱ ነገ ትሄዳለች።"

ፊቱ ጠቁሯል። ጥግ ላይ ተቀመጥኩ። ማንም አላባረረኝም።

"እስከየት ነው ጥልቀቱ?"

"እስከዚህ ጋሼ።"

"እስከዚህ ብቻ? መታጠፉ ካልቀረ በደንብ ይታጠፋ!"

"ኧረ ጋሼ! ከበዛ ደግሞ ምንም ሳይዝ ይሟሽሻል።"

"ኤዲያ! ዕድሜዬን ሙሉ ብረት ሳጠነክር ኖሬ፣ አሁን በልክ አድክመው ትይኛለሽ?"

ትርሲት ሳቀች። እሱ አልሳቀም፤ ግን መጋዙን ትቶ ላቡን ጠረገ።

"የመቀመጫውን ዙሪያና የባትሪውን ሳጥን ግን የፈለጉትን ያህል ያጠንክሩት" አለችው።

ቀና አለ። "የፈለግሁትን?"

"የፈለጉትን ያህል። እዚያ ሰው ነው ያለው።"

ወደ አሥር ሰዓት መብራት መጣ። የቀረውን ላሜራ በማሽን አነሳው። የቀኙ ክንድ እንደነበረው ሆነ። የግራው ላይ ብየዳው ጠልቆ ስለገባ ሁሉም አልለቀቀለትም። ሦስታችንም አየነው። ከዚያ ጭንብሉን አጠለቀና የመቀመጫውን ዙሪያ መበየድ ጀመረ። እኔ ስወጣ አላየኝም።


እሑድ፣ ግንቦት 13

አብሯት ሄደ። "ብረቱ ይከብዳታል" ነው ያለው። ነጠላውን ለብሶ፣ የክት ኮቱን ደርቦ። አዲስ አበባን ካያት ስንት ዘመኑ ነው።

አውቶቡሱ እስኪሞላ ከኔ ጋር ቆመ።

"መቼ ነው ያወቅሽው?"

"ረቡዕ። አንተ ዘንድ ስመጣ።"

"ለዚያ ነው ምስጋና ያልሽው?"

"አዎ።"

ኮሌታውን አስተካከለ። የተስተካከለ ነበር። "ራሱ ደምሴ ነው ሥራልኝ ያለኝ፣ እቴ።"

"አውቃለሁ። እኔም ጠላ ቀድቼላችኋለሁ።"

ሌላ አላለኝም። እቴ ግን አለኝ።


ሰኞ፣ ግንቦት 14

ስልክ አይሠራም። ጉም ነው። ስፈትል ዋልኩ። ወፍራም ወፍራሙን ነው የፈተልኩት፤ ማን ይገዛዋል?


ማክሰኞ፣ ግንቦት 15

ከሰዓት በኋላ ተደወለ። በመጀመሪያ የሰማሁት ጫጫታ ነው፣ ከዚያ የትርሲት ድምፅ።

"እማ፣ ታጠፈ!"

የቀኙ እንደታሰበው ታጥፏል። ግራው ዘግይቶ ነው የታጠፈው፤ መኪናዋ ትንሽ ወደዚያ ዞረች። መምህራኑ ለምን ብለው ጠየቋት። የተሞላ ብየዳ ቀርቶበት ነው አለቻቸው። ማን ሞላው አሏት። "እኛ" አለች። ውጤቱ ገና ነው። ትለፍ አትለፍ አይታወቅም። የባትሪው ሳጥን ግን ጭረት የለውም፤ ኤሌክትሪኩም ወዲያው ተቋርጧል። ወንበሩ ላይ በሰው ፈንታ አሸዋ የሞላ ጆንያ በቀበቶ አስረው ነበር።

"ጋሼ ላናግራት እያሉ ነው" አለችኝ።

ትንፋሹ ብቻ ይሰማኛል።

"ወንድምዓለም?"

"ፊቷ እንዳልነበር ሆነ እቴ። ብታዪው ታዝኚያለሽ። ድምፁ ራሱ ያስደነግጣል። እኔ አለቀላት ብዬ ነበር።"

"እሺ።"

"ሮጬ ሄድኩ። አይቅረቡ እያሉኝ። ጆንያው ተቀምጧል።"

"ተቀምጧል?"

"እንደተቀመጠ ነው። እንደተቀመጠ።" ደጋገመው። ከዚያ ስልኩን ለትርሲት ሳይሰጣት አለቀሰ። እኔም ይዤው ቆየሁ። ካርዱ እስኪያልቅ ነው መሰለኝ።


ረቡዕ፣ ግንቦት 16

ትርሲት ውጤቷን እየጠበቀች እዚያ ቀረች። እሱ ብቻውን ተመለሰ። ከአውቶቡስ ወርዶ ቤቱ ሳይደርስ እኔ ጋ ነው የመጣው። ምን እንደምለው አላሰብኩበትም ነበር። ውኃ አመጣሁለት፤ እጁን ታጠበ። ያለውን አቀረብኩለት፤ በላ። ጥሩ በላ።

ይቅርታ ሊለኝ ሲል አውቄ "ተው" አልኩት። ተወ።

ግድግዳውን ሲያይ ቆየ። አሮጌ ጋዜጦቹ ቢጫ ሆነው አሁንም አሉ።

"አንዴ" አለ "ደምሴ መንገድ ላይ ያሳፈራቸውን አንድ ቄስ 'ይሄን ጋዜጣ ጨርሰው ያንብቡና ይስጡኝ፣ ሚስቴ ትጠብቀኛለች' ብሏቸው፣ ሰውዬው ማንበብ አያውቁ ኖሮ..."

"ቄስ ሆነው?"

"በግዕዝ እንጂ በጋዜጣ አላውቅም ብለውት! እስከ ዘመሮ ድረስ በዜማ እያነበቡለት መጡ፣ የጤፍ ዋጋ የሚለውን ሁሉ።"

ሳቅሁ። ይሄን ሰምቼው አላውቅም። እኔም የተቀደዱትን ታሪኮች ነገርኩት፣ ከራሱ እየጨመረ እንዴት እንደሚጨርስልኝ። እሱም ይሄን ሰምቶ አያውቅም። አንድ ሰው ነበር የሞተብን፤ ይሄን ሁሉ ዓመት ስለ መኪናው ስናወራ ኖርን። ድምፁን ለቆ ስለ መዝፈኑ፣ ብርድ ስለ መፍራቱ፣ ትርሲት ስትወለድ ጡሩምባ ነፍቶ አራስ ቤቱን ስለ ማስደንገጡ አወራን። አንዳንዴ ወንድሜ መሐል ላይ ወሬውን ትቶ እጁን ያያል። ከዚያ አንዳችን እንጀምራለን።

ይሄን ሁሉ ለትርሲት መንገር አለብኝ። ሳይጠፋ ልጻፈው።

ሲወጣ ደጃፉ ላይ ቆም አለ። "ነገም እመጣለሁ" አለ፣ እንደሚጠይቅ ሰው።

ነገ ዕርገት ነው፣ ሥራ የለም። ይምጣ።